ግላተን፣ ጉርሜ፣ ፉዲ፦ መብል ለሚወድ ሰው የሚሰጡ የእንግሊዝኛ ስሞችና የተሳሳቱ አመለካከቶች

በባሕር ዳር የጣና ዳርቻ ጎብኚ የሚያስተናግዱ ወጣቶችም ሆኑ በደብረ ማርቆስ እንግሊዝኛ የሚማሩ ተማሪዎች መብል የሚወድን ሰው በእንግሊዝኛ መጥራት ሲፈልጉ ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደ መዝገበ ቃላት ነው፤ መዝገበ ቃላቱ ግን ፍቺውን እንጂ ቃሉ ሰሚውን የሚያስከብር ወይም የሚያሳፍር መሆኑን ሁልጊዜ አይናገርም።

«ግላተን ማለት ምግብ ወዳድ ነው» የሚለው አመለካከት ከሁሉም የበለጠ ያስቀይማል። ቃሉ «መዋጥ» ከሚል የላቲን ግስ የወረደ ሲሆን፣ በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከሰባቱ ዐበይት ኃጢአቶች አንዱ በሆነው ልክ የለሽ በላተኝነት የሚወቀስ ሰው መጠሪያ ነው፤ ክብደቱም «ሆዳም» ከሚለው ቃላችን አያንስም። ሞጣ ወይም ቢቸና ላይ እንጀራውን ደጋግሞ ያስጨመረን እንግዳ «ሆዳም ነህ» የሚል ባለቤት የለም፤ ይልቁንም «በሞቴ» እያለ ያጎርሰዋል። ችግሩ የሚመጣው ይህን ደስታ ወደ እንግሊዝኛ ስናሻግር ነው፤ ምክንያቱም በእኛ ዘንድ ብዙ የበላ እንግዳ ባለቤቱን ያከበረ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ጨዋነት ግን እንግዳው የበላው መጠን ባይነሳ ይመረጣል። ስለዚህ «ቢግ ኢተር» (ብዙ የሚበላ) የሚለው እንኳ፣ በራሱ ስድብ ባይሆንም፣ ፊት ለፊት ሲነገር ሊያሸማቅቅ ይችላል፤ «አይ አም ግላድ ዩ ላይክድ ኢት» (ስለወደድከው ደስ ብሎኛል) ብሎ ስለ በላተኛው ሳይሆን ስለ ምግቡ መናገር ይሻላል።

«ጉርሜ እና ጉርማን አንድ ናቸው» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ከፈረንሳይኛ የመጡ ቢሆኑም ጉርሜ ጣዕም የሚለይ፣ ምግብና ወይን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ስለ መጠን አይናገርም። ጉርማን በአንጻሩ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ የሆዳም ስም ነበር፤ ዛሬ ቢለዝብም፣ አብዝቶ የሚበላ ሰው የሚል ጥላ አልለቀቀውም።

«ኤፒክዩር የሚባለው በሆዱ የሚገዛ ሰው ነው፤ ፈላስፋውም እንዲሁ ነበር» የሚለው ድርብ ስሕተት ነው። ቃሉ ዛሬ በምግብ ምርጫው የተራቀቀን ሰው የሚያመሰግን ሲሆን፣ የስሙ ባለቤት፣ ተከታዮቹ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 የተጠቀሱት ኤፊቆሮስ (341–270 ከክርስቶስ ልደት በፊት)፣ በዳቦና በውኃ የሚረካ፣ ለድግስ ያህል ትንሽ አይብ ይላክልኝ ብሎ የጻፈ ሰው እንደነበር ይነገርለታል። ከእኛ ጿሚዎች ጋር የሚስማማ አመጋገብ ነው፤ አይቡ ባይኖር።

«ፉዲ» (ምግብ ወዳድ) ስድብ ነው ብለው የሚሸሹትም አሉ፤ ስድብ ግን አይደለም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተስፋፋ ቀለል ያለ የወዳጅነት ቃል ሲሆን፣ ሰዎች ራሳቸውን ይጠሩበታል።

«ጓደኛሞች ፒግ (አሳማ) ሲባባሉ ሰምቻለሁና እኔም እላለሁ» ማለትም ያሳስታል። «አይ ፒግድ አውት» (እንደ አሳማ በላሁ) የሚል ሰው በራሱ ይቀልዳል፤ ሌላውን «ዩ አር ኤ ፒግ» (አንተ አሳማ ነህ) ማለት ግን ስድብ ነው።

በመጨረሻም ጎጃም ውስጥ ከርሞ የመጣን ዘመድ «ወፈር ብለሃል፣ ተመችቶሃል» ማለት የደስታ ሰላምታ ቢሆንም፣ በእንግሊዝኛ ለዚህ ሰላምታ የሚሆን ጨዋ ቃል የለም፤ «ቸቢ» (ሞላ ያለ) የሚለው ለስላሳ ቃል እንኳ ለሕፃን ጉንጭ እንጂ ለአዋቂ እንግዳ አይነገርም።