ለአልዛይመር የእግር ጉዞ ገንዘብ ስናሰባስብ የሰማናቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች

እናቴ የመርሳት በሽታ፣ አልዛይመር፣ እንደያዛት ከታወቀ በኋላ እኔና ወንድሜ የአሜሪካ የአልዛይመር ማኅበር ዋሺንግተን ዲሲ ውስጥ በሚያዘጋጀው የእግር ጉዞ ተመዘገብን። ገንዘብ ስናሰባስብ ከዘመድ ወዳጅ ያልሰማነው የለም። አንዳንዱንማ እኛም እናምነው ነበር።

«ልመና ነው።» እኔን ያሰረኝ ይሄ ነው። ለእድር ሲዋጣ፣ ለሠርግ ሲዋጣ ማንም ልመና አይለውም። ሳስበው ያሳፈረኝ ገንዘቡ አልነበረም፤ እናቴ መታመሟን መናገሩ ነው። የመጀመሪያው መልእክቴ «ለበጎ ዓላማ የአቅማችሁን» ይል ነበር፤ በአራት ቀን አንድ ሰው ሰጠ። በሁለተኛው እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «እማዬ አቦሉን ቀድታ ሳንጠጣው፣ ቡና ልትቆላ እንደገና ተነሳች። እኔንም በእህቷ ስም ጠራችኝ።» በዚያው ማታ አሥራ አንድ ሰው ሰጠ። ሁለቱ ደግሞ «የእኛም አባት እንዲሁ ናቸው፤ ለሰው አልተነፈስንም» ብለው ደወሉ።

«እርጅና እንጂ በሽታ አይደለም።» በሽታው በስሙ የተጠራለት ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 እ.ኤ.አ. ለሙያ ባልደረቦቹ ያቀረበው የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ሆስፒታል ስትገባ 51 ዓመቷ ነበር። ጃጀች የሚያሰኝ ዕድሜ አይደለም።

«ሩጫ ነው፣ አልችልም።» ውድድር አይደለም። የመመዝገቢያ ክፍያም የለውም።

«ገንዘቡ ለእናታችሁ መታከሚያ ነው።» አክስቴ ሃምሳ ዶላር አጣጥፋ እጄ ውስጥ ከተተችና «ፍራፍሬ ግዢላት» አለችኝ። ዝም ብዬ መቀበል ይቀለኝ ነበር፤ ግን ገንዘቡ የሚገባው ለማኅበሩ ነው። ለምርምር፣ ለአስታማሚ ቤተሰብ ድጋፍ፣ ሌሊትም ለሚሠራው የስልክ መስመር ይውላል። መስመሩ በአስተርጓሚ ከ200 በላይ ቋንቋ ያስተናግዳል። ለሕመምተኛው ለራሱ ከሆነ ጎፈንድሚ የሚባለው የኢንተርኔት መዋጮ ማሰባሰቢያ ወይም የቤተሰብ መዋጮ አለ፤ ሁለቱ ግን መቀላቀል የለባቸውም። ይህን ለአክስቴ ሁለት ጊዜ አስረዳኋት። «እንግዲያው ሃያውን ለእነሱ፣ ሠላሳውን ለእሷ» አለች።

«የሰጠነው ሁሉ ከግብር ይቀነሳል።» ለግለሰብ የተሰጠ ስጦታ አይቀነስም። ለማኅበሩ የተሰጠውም ቢሆን እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ድረስ በአብዛኛው የጠቀመው የግብር ቅጹን ሲሞላ ተቀናሽ ወጪውን አንድ በአንድ ዘርዝሮ ለሚያስገባ ነው። ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዘርዝሮ የማያስገባም እስከ 1,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት አብረው ካስገቡ እስከ 2,000 ዶላር መቀነስ ይችላሉ። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ የማኅበሩን የጽሑፍ ማረጋገጫ ይያዝ። ለእኔ በዜል፣ በባንክ የስልክ መላኪያ፣ ልካችሁ እኔ በካርዴ ከከፈልኩ ግን ደረሰኙ የሚወጣው በእኔ ስም ነው። ስለዚህ በቀጥታ የማኅበሩ የመዋጮ ገጽ ላይ ስጡ። መሥሪያ ቤታችሁንም ጠይቁ፤ ሠራተኛው የሰጠውን ያህል የሚጨምሩ ብዙ ናቸው።

«የሞተበት ሰው ነው የሚሄደው።» ወንድሜ እንደ ተዝካር ቆጥሮት እማዬን ይዘናት እንዳንሄድ ተከራክሮ ነበር። በጉዞው ቀን ለሁሉም በነፋስ የሚሽከረከር የፕላስቲክ አበባ ይታደላል። ሐምራዊው ሰው ለሞተበት፣ ሰማያዊው በሽታው ላለበት፣ ቢጫው ለአስታማሚ፣ ብርቱካናማው ለደጋፊ ነው። ለእማዬ ሰማያዊውን አመጣሁላት፤ አልያዘችውም። የኔን ቢጫ ከእጄ ወሰደችና «አደይ ነው እንዴ? መስቀል ደረሰ?» አለች። እኔ ሰማያዊውን ይዤ ሄድኩ።