ቂሮስ «መሲሕ» ተባለ ማለት ምን ማለት ነው?

ኢሳይያስ 45ን በአማርኛ ስናነብ አንድ ቃል ሳናስተውለው ያልፋል። እግዚአብሔር ቂሮስን «የቀባሁት» ይለዋል። በዕብራይስጡ እዚያ ቦታ ላይ ያለው ማሺያሕ የሚለው ቃል ነው። እኛ መሲሕ የምንለው ራሱ!

ቂሮስ የፋርስ ንጉሥ ነው። እስራኤላዊ አይደለም፣ ከዳዊት ዘር አይቆጠርም፣ ዘይት ያፈሰሰበት ነቢይም የለም። ምዕራፉ ራሱ «ሳታውቀኝ» ይለዋል፤ ያውም ሁለቴ።

መሲሕ በጥሬው «የተቀባ» ነው። ሳኦልና ዳዊት ዘይት ተቀብተው ነገሡ፣ ካህናትም ይቀቡ ነበር። ቅባቱ ለሥራ የመሾም ምልክት ነው እንጂ የመልካም ጠባይ ምስክር ወረቀት አይደለም። ሳኦል ተቀብቶም ተሽሯል። የቂሮስ ሥራ ደግሞ ባቢሎንን መጣል፣ ወደዚያ ተማርከው የነበሩትን አይሁድ መልቀቅና ኢየሩሳሌም እንድትታነጽ ማዘዝ ነበር። ባቢሎንን የያዘው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ539 ነው።

ነገሩ የሚከብደው ወደ ሌሎቹ ነገሥታት ስንሄድ ነው። ኤርምያስ የባቢሎኑን ንጉሥ ናቡከደነፆርን «ባሪያዬ» ብሎ ይጠራዋል፤ የኢየሩሳሌምን መቅደስ ያቃጠለውን ሰውዬ! ኢሳይያስ 10 አሦርን የእግዚአብሔር የቍጣ በትር ይለዋል። ግን እዚያው ላይ አንድ ጥያቄ ያነሣል፦ መጥረቢያ በሚቈርጥበት ሰው ላይ ይታበያል ወይ? በትሩ ሥራውን ሲጨርስ ተራው የራሱ ይሆናል፤ ስለ ትዕቢቱ ይቀጣል። ስለዚህ «ሥልጣን ከእግዚአብሔር ነው» የሚለውን ይዞ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሁሉ ለማጽደቅ የሚሞክር ሰው እነዚህን ምዕራፎች ዘሏቸዋል ማለት ነው። እኛ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እንላለን። ነቢያቱ ግን ሲከሱ ነው የኖሩት። ናታን ዳዊትን ፊት ለፊት «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው፣ ኤልያስም በናቡቴ የወይን ቦታ ጉዳይ አክዓብን ተፋጠጠው።

የኛ ነገሥታት «ሥዩመ እግዚአብሔር» የሚል ማዕረግ ነበራቸው። በዚያ ላይ ከይሁዳ ነገድ ነን ይሉ ነበር። የቂሮስ ሹመት የሚገርመው የዘር ሐረግም ሆነ የእምነት ጥያቄ ስላልተነሣበት ነው።

ምርኮኞቹስ በዚህ ተደሰቱ? ሁሉም አይመስለኝም። እዚያው ኢሳይያስ 45 ላይ ጥቂት ቍጥሮች ወረድ ብሎ ጭቃ ሠሪውን «ምን ትሠራለህ?» ይለዋል ወይ የሚል ተግሣጽ አለ። ያጉረመረመ ባይኖር ይህ አይጻፍም ነበር ባይ ነኝ። ከዳዊት ቤት ንጉሥ ሲጠብቁ ፋርሳዊ መጣላቸው።

ባቢሎናውያንም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በ1879 እ.ኤ.አ. ባቢሎን ፍርስራሽ ውስጥ የተገኘው የቂሮስ የሸክላ ጽሑፍ ዛሬ ለንደን፣ በብሪታንያ ሙዚየም ይገኛል። እዚያ ላይ ጻድቅ ንጉሥ ፈልጎ ቂሮስን በእጁ የያዘው፣ በስሙም የጠራው የባቢሎን አምላክ ማርዱክ ነው። ኢሳይያስም «ቀኝ እጁን የያዝሁት» ይላል። ሰውየውም ድሉም አንድ ነው፤ ክርክሩ እጁን የያዘው ማን ነው በሚለው ላይ ነው።

በተለመደው የአይሁድ አደራደር የዕብራይስጥ መጻሕፍት የሚዘጉት በዜና መዋዕል ነው። እዚያ የመጨረሻው ተናጋሪ ነቢይ አይደለም፣ ካህንም አይደለም። ቂሮስ ነው፤ ወደ ኢየሩሳሌም መሄድ የሚፈልግ «ይውጣ» ይላል።