ሰንበት የማን ዕረፍት ናት? የምንሳሳትባቸው ነገሮችና እውነታው

ሰንበትን እንዴት ታከብራለህ የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ መልሱን በ«አይ» ይጀምራል፦ አይታጠብም፣ አይፈጭም፣ እንጨት አይፈለጥም። ያደግሁበት ነውና ይህን ሥርዓት እወደዋለሁ። ግን አጥሩን ስንጠብቅ ግቢው ውስጥ ያለውን የረሳን ይመስለኛል።

«እግዚአብሔር ስድስት ቀን ሠርቶ ስለ ደከመው ዐረፈ»

አልደከመውም። ኢሳይያስ «አይደክምም፣ አይታክትም» ይላል (40፥28)። በዘፍጥረት 2 «ዐረፈ» የተባለው መፍጠሩን ፈጽሞ ተወ ለማለት ነው፤ የዕብራይስጡም ቃል «ተወ፣ አቆመ» የሚል ፍቺ አለው። ፍጥረቱን መመገብና መጠበቅ ግን አላቆመም። ጌታ በሰንበት መጻጉዕን ፈወሰ ተብሎ ሲከሰስ «አባቴ እስከ ዛሬ ይሠራል፣ እኔም ደግሞ እሠራለሁ» ያለው ለዚህ ነው (ዮሐ. 5፥17)።

ደግሞ ይህን ልብ በሉ፤ አዳም የተፈጠረው በስድስተኛው ቀን ነው። ሲነጋለት ሰንበት ነበረች። አንዳች ሳይሠራ ዕረፍትን በስጦታ ተቀበለ።

«በሰንበት የሠራ ሁሉ ሰንበትን ሽሯል»

ሉቃስ 13 ላይ ለ18 ዓመት ጎብጣ የኖረች ሴት አለች። ጌታ በምኩራብ፣ በሰንበት ቀን አቀናት። የምኩራቡ አለቃ ተቆጣ፤ ሥራ የሚሠራባቸው ስድስት ቀኖች አሉ፣ በእነርሱ መጥታችሁ ተፈወሱ አለ። የጌታ መልስ አጭር ነበር፦ እናንተ በሬያችሁንና አህያችሁን በሰንበት ፈትታችሁ ውኃ ታጠጡ የለምን? ይህች የአብርሃም ልጅ ልትፈታ አይገባምን? አዋላጇ፣ ነርሷ፣ ሕመምተኛ የሚያስታምመው ሁሉ በዚህ ቃል ውስጥ አሉ።

«ሰንበት እኔ የማርፍባት ቀን ናት»

እዚህ ላይ ልቆይ። አሥርቱ ትእዛዛት ሁለት ቦታ ተጽፈዋል። በዘጸአት 20 የሰንበት ምክንያት ፍጥረት ነው። በዘዳግም 5 ግን ሙሴ ልጆችን፣ ሎሌን፣ ገረድን፣ በሬን፣ አህያን፣ በደጅ ያለውን እንግዳ ሳይቀር ከቆጠረ በኋላ «ሎሌህም ገረድህም እንደ አንተ ያርፉ ዘንድ» ይላል። ለምን ቢሉ፣ አንተም በግብፅ ባሪያ ነበርህና። ፈርዖን ጭድ ከልክሎ የጡቡን ቁጥር ያልቀነሰ ጌታ ነበር። ከእርሱ እጅ የወጣ ሕዝብ እርሱን እንዳይመስል ሰንበት ተሰጠው።

እንግዲህ እሑድ ጠዋት ነጠላችንን አጣፍተን ከቅዳሴ ስንመለስ ቤቱ ተወልውሎ፣ ቡናው ቀርቦ፣ ምሳው ደርሶ ይጠብቀናል። ከሁላችን ቀድማ የተነሣችው የቤት ሠራተኛችን ናት። እርሷ ስንት እሑድ አስቀደሰች? እኛ ልብስ አላጠብንም፤ እርሷ ግን የእኛን አጥባለች። በቤይሩትና በሪያድ ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን የዕረፍት ቀን ተነፈጉ ሲባል እንቆጣለን፤ ልንቆጣም ይገባል። በቤታችን ያለችው ግን በትእዛዙ ውስጥ ከልጆቻችን ጎን ተቆጥራለች። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

«ቅዳሜን ማክበር ወደ አይሁድ ሥርዓት መመለስ ነው»

በእኛ አገር ይህ ክርክር ብዙ ዋጋ አስከፍሏል። መነኩሴው አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ሁለቱም ሰንበታት፣ ቅዳሜም እሑድም፣ ይከበሩ በማለታቸው ከአገር ወጥተው እ.ኤ.አ. በ1352 በአርመን ምድር ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸውም ለረጅም ጊዜ ከክህነት ተከለከሉ። ነገሩ የተቋጨው በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በጠሩት የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ አብረው እንዲከበሩ ተወሰነ።

ከመቶ ዓመት በኋላ የካቶሊክ ሚስዮናውያን ያንኑ ክስ ሲያነሡ ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 መልስ ጻፉ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ አይሁድ በዚህች ቀን ውኃ አይቀዱም፣ እሳት አያነዱም፣ ከቤት ወደ ቤት አይሄዱም፤ እኛ ግን ሐዋርያት እንዳዘዙን ቁርባን እናቀርብባታለን፣ ማዕድ እናደርግባታለን። ንጉሡ ልዩነቱን ያሳዩት ቀን በመቁጠር አይደለም፤ በቀኗ የሚደረገውን በመናገር ነው። ያ ማዕድ ዛሬም በየደብሩ በሰንበቴ ይታያል፤ ተራ የደረሰው ዳቦና ጠላ ይዞ ይመጣል፣ ነዳያንም አብረው ይቀምሳሉ።

«እሑድን ያመጣው ቆስጠንጢኖስ ነው»

አይደለም። የሮሙ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ በ321 ያወጣው ሕግ ዳኞችና ከተሜዎች በእሑድ ሥራ እንዲያቆሙ የሚያዝ ነው፤ ገበሬ እንዲያርስ እንኳ ፈቅዷል። ክርስቲያኖች ግን ከዚያ በፊት ከ150 ዓመት በላይ በእሑድ ይሰበሰቡ ነበር። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በ2ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጉባኤውን ሲገልጽ ንባቡን፣ ስብከቱንና ቁርባኑን ከጠቀሰ በኋላ የተሰበሰበው ገንዘብ ለሙት ልጆች፣ ለመበለቶች፣ ለሕሙማን፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች እንደሚሰጥ ይናገራል። የዘዳግሙ እንግዳ እዚህም አልተረሳም።

«ቀዳም ስዑር የተባለው የቅዳሜ ሰንበትነት ስለ ተሻረ ነው»

የተሻረው ሌላ ነው። ቅዳሜ እንደ እሑድ ሁሉ ከእህል ከውኃ ተከልክሎ አይጾምባትም። በዓመት አንዲት ቅዳሜ ብቻ፣ በትንሣኤ ዋዜማ፣ ይህ ልማድ ተሽሮ ይጾማል፤ ስዑር መባሏ ከዚህ የተነሣ ነው።

እንዲያውም ከቅዳሜዎች ሁሉ ሰንበትነቷ የጎላው እርሷ ናት። ጌታ ዓርብ፣ በስድስተኛው ቀን፣ «ተፈጸመ» አለ፤ በሰባተኛው በሥጋው በመቃብር ዐረፈ፣ በነፍሱም ወደ ሲኦል ወርዶ የታሰሩትን ፈታ። በዚያ ማለዳ ካህናቱ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» (በመስቀሉ ሰላምን አደረገ) እያሉ ቄጤማ ያድላሉ። ለባለቤቱም ለሠራተኛዋም፣ በደጅ ለቆመው ነዳይም ቄጤማው አንድ ነው፤ ሁሉም በራሱ ላይ ያስረዋል።