ጃምፕ ስኬር ምንድን ነው?

ሆረር ፊልም የሚወድ ሰው ሁሉ የሚያውቃት ቅጽበት አለች። ሴትየዋ የመታጠቢያ ቤቱን መስታወት ከፍታ መድኃኒት ታወጣለች፤ መልሳ ስትዘጋው ከኋላዋ የቆመ ሰው መስታወቱ ውስጥ ይታያል፤ ሙዚቃው «ጓ!» ይላል፤ እኛም ከመቀመጫችን እንዘላለን። ጃምፕ ስኬር የሚባለው ይኸው ነው፦ ተመልካቹን ባላሰበው ሰዓት በድንገተኛ ምስል፣ ብዙ ጊዜም በድንገተኛ ድምፅ፣ ክው የማድረግ ዘዴ።

በአፍቃሪዎቹ ዘንድ ስሙ የጠፋ ነው። «ጃምፕ ስኬር ብቻ ነው» ከተባለ የዚያ ፊልም ነገር አበቃ። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ሰሞኑን ካየኋቸውና ደግሜ ካየኋቸው ፊልሞች ውስጥ ከራሴ አልወጣ ያሉት ትዕይንቶች ጃምፕ ስኬር አለባቸው፤ ያንገሸገሹኝም እንደዚያው። የሚለያቸው ከድንጋጤው በፊት ያለፈው ደቂቃ ነው።

ድንጋጤው ራሱማ ርካሽ ነው። ኃይለኛ ድምፅ በድንገት ስንሰማ ዓይናችን ይጨፈናል፣ አንገታችን ወደ ትከሻችን ይሰበሰባል፣ ሰውነታችን ሽምቅቅ ይላል። ይህ ሁሉ የሚጀምረው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሲሆን የሚመራውም የአንጎል ግንድ ነው፤ የሚያመዛዝነው የአንጎላችን ክፍል ምን እንደተፈጠረ የሚደርስበት ዘግይቶ ነው። ስለዚህ «እኔን የሚያስደነግጥ ፊልም የለም» የሚለው ፉከራ ብዙም አያዋጣም። ከኩሽና ድስት ቢወድቅም እንደነግጣለን፤ ድስቱን ግን ማንም አርቲስት አይለውም።

ሆኖም ስለዚህ ደመ ነፍሳዊ ምላሽ የሚታወቁ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ሲደጋገም ይዳከማል። ሁለተኛ፣ ቀድሞ የፈራ ሰው ወይም ጨለማ ውስጥ ያለ ሰው ለዚያው ድምፅ ይበልጥ ይደነግጣል። ጎበዝ ዳይሬክተር የሚሠራው በሁለተኛው ላይ ነው፤ ሰነፉ ደግሞ አንደኛውን ረስቶ በየአምስት ደቂቃው ሲያንኳኳብን ያመሻል።

የዘዴው አባት ተብሎ የሚጠቀሰው በ1942 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው «ካት ፒፕል» ነው። ዳይሬክተሩ ዣክ ቱርነር፣ ፕሮዲዩሰሩ ቫል ሉተን። አንዲት ሴት በሌሊት ጭር ባለ መንገድ ብቻዋን ትሄዳለች፤ ወደ አውሬነት ትለወጣለች የምትባል ሌላ ሴት ትከተላታለች። ሙዚቃ የለም። የሁለቱ የጫማ ተረከዝ ብቻ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል። ከዚያ የኋለኛዋ ኮቴ ድንገት ይጠፋል። የፊተኛዋ ትፈጥናለች፣ ዞር ትላለች፣ ምንም የለም፤ መሮጥ ትጀምራለች። እኛም አውሬው ከየትኛው ጥላ እንደሚወጣ ስንፈልግ የድመት ማጓራት የመሰለ ፉጨት ጆሯችን ላይ ይፈነዳል። አውቶብስ ነው፤ ፍሬኑን ይዞ አጠገቧ ቆመ። ይኸው ነው። የፊልም ሰዎች ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለውን የውሸት ድንጋጤ «የሉተን አውቶብስ» ይሉታል። ከቁም ሣጥን ዘላ የምትወጣው ድመትና ከኋላ ትከሻ የሚይዘው ጓደኛ የዚህ አውቶብስ የልጅ ልጆች ናቸው፤ አብዛኞቹ አያታቸውን አልመሰሉም እንጂ። ተረከዙን ትተው ፍሬኑን ብቻ ነው የወረሱት።

ሲበዛ ምን እንደሚሆን ስቲቨን ስፒልበርግ ሰው በሚበላ ሻርክ ላይ በሠራው በ«ጆውስ» (1975) አይቶታል። በሰመጠው ጀልባ ቀዳዳ ብቅ የሚለው የሬሳ ጭንቅላት በመጀመሪያው ቀረጻ ላይ እንዲህ አልነበረም፤ አንድ ተጨማሪ ጩኸት ስላማረው በፊልሙ ኤዲተር በቨርና ፊልድስ መዋኛ ገንዳ፣ ውኃውን በወተት አደፍርሶ እንደገና ቀረጸው። ሰዉ ጮኸለት። ነገር ግን በኋላ ሻርኩ ራሱ ከባሕር ብቅ ሲል ጩኸቱ ከቀድሞው እንደቀነሰ ስፒልበርግ ራሱ ተናግሯል፤ ተመልካቹ አንዴ ስለተነካ መጠንቀቅ ጀምሮ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን «ዘ ኤግዞርሲስት 3» (1990) ውስጥ ያለው የሆስፒታል ኮሪደር ነው። ፊልሙ በጠቅላላው ወጣ ገባ ነው፤ ይህ ትዕይንት ግን ትምህርት ቤት ይከፈትበታል። ካሜራው ከኮሪደሩ ጫፍ ቆሞ ንቅንቅ አይልም። ሩቅ ነርሷ ሥራዋን ትሠራለች፣ ጠባቂ ያልፋል፣ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል። ኮሽታ ሰምታ አንድ ክፍል ትገባለች፤ ብርጭቆ ውስጥ የሚሰነጠቅ በረዶ ነው። የተኛው በሽተኛ ብድግ ብሎ ሲጮህባት እኛም ትንሽ እንበረግጋለን፤ «በቃ፣ ይቺ ነበረች» ብለን ትከሻችንን እንለቃለን። ካሜራው ወደዚያው ሩቅ ቦታው ይመለሳል። እንደገና ጸጥታ፣ እንደገና በር። ነርሷ አንዱን ክፍል አይታ፣ ቆልፋ ዞር ስትል ነጭ የተከናነበ ሰው ትልቅ የቀዶ ጥገና መቀስ ወደ አንገቷ ዘርግቶ ከኋላዋ ይወጣል፤ እስከዚያ ያልተነቃነቀው ካሜራም በአንዴ ተወንጭፎ ይጠጋል። ግድያውን አናይም። የምናየው ጭንቅላት የሌለው ሐውልት ነው። ዳይሬክተሩ ዊልያም ፒተር ብላቲ ከምንም በላይ የተማመነው በእኛ መሰላቸት ነው፤ ይህን ለመሞከር ድፍረት ይጠይቃል።

ከቅርቦቹ መካከል «ስማይል» (2022) የሚያናድደኝ ጥሩ ሐሳብ ስላለው ነው። ፈገግ ብሎ የሚያፈጥ ሰው ያለ ምንም ድምፅ ያስፈራል፤ ፊልሙ ግን በዝምታው አይተማመንም፣ በድምፅ ማጉያ ይደግፈዋል። የዋና ገጸ ባሕርይዋ እህት ወደ መኪናው መስኮት መጥታ ጭንቅላቷ ተገልብጦ የሚንጠለጠልበት ቅጽበት ግን በደንብ የተሠራ ነው። ምን ያደርጋል፣ ትሬይለሩ ላይ አውጥተው ጨረሱት። ጃምፕ ስኬርን ትሬይለር ላይ ማሳየት የቀልድን መጨረሻ ቀድሞ መናገር ነው።

«ሎንግሌግስ» (2024) የተሻለ ያውቅበታል። መክፈቻው ላይ ገዳዩ ከልጅቷ ፊት ይቆማል፤ ምስሉ ግን ፊቱን ከላይ ይቆርጠዋል። ጎንበስ ሲል ለቅጽበት እናየዋለን፣ ወዲያው ይቋረጣል። (ዳይሬክተሩ ኦስጉድ ፐርኪንስ የ«ሳይኮ»ው ተዋናይ የአንቶኒ ፐርኪንስ ልጅ ነው፤ ነገሩ ከዘር ሳይሆን አይቀርም።) ያየነው ስለማይበቃን ከዚያ በኋላ ባለው በእያንዳንዱ ምስል ጥግ ላይ ዓይናችን ይባዝናል።

የዚህ ሁሉ ተቃራኒ «ሄሬዲተሪ» (2018) ነው። ልጁ አልጋው ላይ ነቅቶ ይቀመጣል፤ እናቱ ከኋላው፣ ግድግዳው ከጣሪያው በሚገናኝበት ጨለማ ጥግ ላይ ተለጥፋለች። ሙዚቃው አይጮህም፣ ካሜራው አይጠጋም፤ ዓይኑ የፈጠነ ቀድሞ ያያታል፣ የዘገየ ዘግይቶ። እዚህ ላይ ጃምፕ ስኬር አለ ማለት አይቻልም፤ ዳይሬክተሩ አሪ አስተር ድምፅ ቢጨምርበት ግን ይኖር ነበር፣ ትዕይንቱም ይበላሽ ነበር።

ድንጋጤ ለማይስማማው ሰው «ዌርስ ዘ ጃምፕ» የሚባል ድረ ገጽ በየፊልሙ ጃምፕ ስኬሩ በስንተኛው ደቂቃ እንደሚመጣ ይዘረዝራል። ጠቃሚ ነው። ፊልም ለመምረጥ ግን አልጠቀምበትም፤ ሃያ ድንጋጤ ያለው ፊልም አንድ ብቻ ካለው ይበልጥ ያስፈራል ማለት አይደለምና።