የመታሰቢያ ፌሎሺፕ ምንድን ነው?

የመታሰቢያ ፌሎሺፕ በሟች ስም የሚቀመጥ የምርምር ገንዘብ ነው። ስኮላርሺፕ ተማሪን ያስተምራል፤ ፌሎሺፕ ግን ትምህርቱን ገፍቶ ጥናት ላይ ለደረሰ ሰው የመስክ ጉዞውን፣ የላቦራቶሪ ምርመራውንና የመረጃ ሰብሳቢዎቹን አበል ይከፍላል።

ነገሩ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። ሱቁን ወቅፍ ያደረገ ቤተሰብ ሱቁን አይሸጥም፤ ለበጎ ሥራ የሚውለው ኪራዩ ነው። ቋሚ ፌሎሺፕም እንዲሁ ነው፦ ዋናው ገንዘብ ሳይነካ ትርፉ ብቻ ይወጣል። ሌላው ዓይነት እንደ ተዝካር ወጪ አንዴ ተዋጥቶ፣ ለጥቂት ተመራማሪዎች ተሰጥቶ የሚያልቅ ነው።

የትኛው ይሻላል? ሒሳቡን እንይ። 1 ሚሊዮን ብር በዓመት 7 በመቶ ቢያስገኝ 70,000 ብር ይሆናል። ይህ ሁሉ ከወጣ የዋጋ ንረት ዋናውን ይበላዋል፤ ስለዚህ 20,000ው ወደ ዋናው ተመልሶ 50,000ው ቢሰጥ ይሻላል። 200,000 ብር ያለው ቤተሰብ ግን በዚሁ ስሌት የሚያገኘው 14,000 ብር ብቻ ነው፤ የአንድ ሰው የመስክ ሥራ እንኳ አይሸፍንም። ለዚህ ቤተሰብ ገንዘቡን በየዓመቱ 50,000 እያደረጉ በአራት ዓመት መጨረስ እጅግ ይመረጣል። ወለድ የማይነኩ ቤተሰቦች ከወለድ ነፃ ሒሳብ ወይም የቤት ኪራይ ይጠቀማሉ።

ቀጥሎ ከተቋሙ ጋር የጽሑፍ ስምምነት ይፈረማል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ ስላለው፣ የትኛው ግቢና የትኛው ትምህርት ክፍል እንደሆነ በስም ይጻፍ። ገንዘቡ ራሱን የቻለ ሒሳብ ይኑረው፤ ከጠቅላላው በጀት ጋር ከተቀላቀለ የት እንደዋለ መከታተል ያስቸግራል። በመራጭ ኮሚቴው ውስጥ ቤተሰቡ ታዛቢ ይሁን እንጂ ድምፅ አይስጥ፤ አለዚያ የዘመድ ልጅ ባመለከተ ቁጥር ኮሚቴው ይጨነቃል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የጥናቱ ርእስ ላይ ነው። «የቦርከና ወንዝ ብክለት» ቢባል ኬሚስቱም፣ የጤና ባለሙያውም፣ የግብርና ተመራማሪውም ያመለክታሉ። «በኮምቦልቻ በቦርከና ውኃ ውስጥ የሚገኝ የእርሳስ ብረት» ብሎ ማሰር ግን ገንዘቡን ለዓመታት ያለ አመልካች ሊያስቀምጠው ይችላል።

ክፍያው በአንድ ጊዜ አይሁን። 40 በመቶው ፕሮፖዛሉ፣ ማለትም የጥናቱ ዕቅድ፣ ሲጸድቅ (ጥናቱ በሰው ላይ ከሆነ የሥነ ምግባር ፈቃዱ ሲገኝ)፣ 40ው መረጃው ሲጋመስ፣ 20ው የመጨረሻው ቅጂ ሲቀርብ ይሰጥ። ሁሉም መጀመሪያ ከተከፈለ ሥራ ያገኘ ተመራማሪ ጥናቱን ጥሎ ሊሄድ ይችላል፤ ሁሉም መጨረሻ ላይ ከሆነ ደግሞ ድኻው ጭራሽ አይጀምርም።

የሟቹን ሙሉ ስም በምስጋና ገጹ ላይ እንዴት እንደሚጻፍ፣ እስከ ፊደሉ ድረስ፣ በስምምነቱ ውስጥ አስፍሩት። ጥሪውን በሙት ዓመቱ ቀን ማውጣት ብዙ ቤተሰብ ይወዳል፤ ቀኑ ፕሮፖዛል ከሚጸድቅበት ወቅት ጋር ካልገጠመ ግን አመልካች አይገኝም። ለሙት ዓመቱ የተጠናቀቀውን ጥናት ቅጂ መቀበል ይሻላል።