ፓሲቭ እንቅስቃሴ ምንድን ነው? ከትከሻ ቀዶ ጥገና በኋላ ክንዳችሁን ለምን ሌላ ሰው ያነሳዋል?

ትከሻችሁን ኦፕራሲዮን ሆናችሁ፣ ክንዳችሁ በማንጠልጠያ ታስሮ ቤት ገባችሁ እንበል። ፊዚዮቴራፒ ስትጀምሩ ባለሙያው አልጋ ላይ ያስተኛችኋል። ክንዳችሁን አንድ እጁን ከክርናችሁ ሥር፣ ሌላውን ከእጅ አንጓችሁ ሥር አድርጎ ይይዝና ቀስ እያለ ወደ ላይ ያነሳዋል። ላግዘው ብላችሁ ትንሽ ከሞከራችሁ «ተዉት፣ አታግዙኝ» ይላችኋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ግራ ይገባዋል። እኔ ካልሠራሁ ምኑ ነው ስፖርቱ?

ፓሲቭ እንቅስቃሴ የሚባለው ይኼው ነው። መገጣጠሚያው ይንቀሳቀሳል፣ የትከሻችሁ ጡንቻ ግን ያርፋል። ጉልበቱ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው፤ ከባለሙያው፣ ከደህናው እጃችሁ፣ ከዱላ ወይም በር ላይ ከሚንጠለጠል ገመድ። የእናንተ ሥራ ክንዱን መልቀቅ ብቻ ነው። እንቅልፍ የወሰደውን ሕፃን ክንድ አንስታችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ሙሉ ክብደቱን እናንተ ላይ ይጥለዋል አይደል? ልክ እንደዚያ።

ይኼ ሁሉ ጥንቃቄ ለምንድን ነው? በጣም የተለመደውን ቀዶ ጥገና እንውሰድ፤ የሮቴተር ከፍ ጥገና ይባላል። የትከሻ መገጣጠሚያ ኳሱ ትልቅ፣ ኳሱ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ደግሞ ትንሽና ጥልቀት የሌለው ነው። ለዚህ ነው ክንዳችን በየአቅጣጫው እንደልብ የሚዞረው። ኳሱን መሃል ላይ ይዘው የሚያቆዩት አራት ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ናቸው፤ ሮቴተር ከፍ ማለት እነሱ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀደደው ከላይ ያለው፣ ሱፕራስፓይናተስ የሚባለው ነው። በመውደቅም ይቀደዳል፣ በዕድሜም እያለቀ ይሄዳል። ሐኪሙ የተቀደደውን ጅማት ወደ ቦታው ይስብና አጥንት ውስጥ በሚቀበሩ ትንንሽ መያዣዎች፣ አንከር ይሏቸዋል፣ በክር ያስረዋል።

እንግዲህ ከቀዶ ጥገናው ስትወጡ ጅማቱን አጥንቱ ላይ ይዞ ያለው ክር ነው። ጅማቱ ራሱ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ ጥንካሬ የሚይዘው ቀስ በቀስ ነው፤ 12 ሳምንት አካባቢ ይፈልጋል፣ ከዚያም በኋላ መጠንከሩን ይቀጥላል። ክንዳችሁን በራሳችሁ ካነሳችሁ ጡንቻው ይኮማተርና ስፌቱን ይጎትታል። ሌላ ሰው ሲያነሳው ግን ጡንቻው ስለማይሠራ ጉተታው በጣም ያንሳል።

ታዲያ ጭራሽ ባይነካስ? እሱም መዘዝ አለው። ያልተንቀሳቀሰ ትከሻ ይደርቃል፤ መገጣጠሚያውን የሸፈነው ከረጢት ይጨማደዳል፣ ጠባሳው ይጣበቃል፣ በኋላ ፀጉር ማበጠር እንኳ ፈተና ይሆናል። ፓሲቭ እንቅስቃሴ የሚሠራው በነዚህ በሁለቱ አደጋዎች መሃል ነው። መቼ ይጀመር የሚለው ግን በሁሉም ሰው ላይ አንድ አይደለም። በጥናት ሲታይ ቶሎ የጀመሩት ክንዳቸው ቀድሞ ይፈታል፤ ዓመት ሲሞላ ግን ዘግይተው ከጀመሩት ጋር ያላቸው ልዩነት ትንሽ ነው። ስለዚህ ቅዳዱ ትልቅ ሆኖ ሐኪማችሁ «ለጊዜው ምንም አትሥሩ» ካለ ችላ አለኝ ብላችሁ አትዘኑ፣ ስፌቱን እየጠበቀላችሁ ነው።

ከሁሉም በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ይኼን ነው። ሕመም መቀነሱና ጅማት መዳኑ አንድ ላይ አይሄዱም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሕመሙ ይቀልላል፣ እንቅልፍም ይመለሳል፣ «ድኛለሁ» ማለት ይመጣል፤ ጅማቱ ግን ገና ለጋ ነው። አደጋው ያለውም እዚህ ጋ ነው፤ ስፖርት ስትሠሩ ሳይሆን ሳታስቡት በምታደርጉት ነገር። ታክሲ ውስጥ ከላይ ያለውን ብረት መያዝ። ነጠላ ወይም ጋቢ ወደ ኋላ መወርወር። ከወንበር ስትነሱ በዚያ እጅ መደገፍ። ሊጠይቃችሁ የመጣው ዘመድ ሁሉ ደግሞ በፍቅር ትከሻውን ከትከሻችሁ ሊያጋጭ ነው የሚመጣው፤ ሳታፍሩ ገና ከበር «በግራ ነው ሰላምታው» በሉት፣ የተሠራው ግራው ከሆነም በቀኝ። ልብስ ስትለብሱ የታመመው ክንድ መጀመሪያ ይግባ፣ ስታወልቁ መጨረሻ ይውጣ።

ወጌሻን በተመለከተ ፊት ለፊት ልናገር። ለወለምታ ለውልቃት ወጌሻ ጋ መሄድ ከቤተሰብ ስንወርሰው የመጣ ልማድ ነው፤ እናቶቻችን «እስቲ አንዴ ይታሽ» የሚሉትም ከልባቸው አስበውልን ነው። አዲስ የተሰፋ ጅማት ግን መታሸትና መጎተትን አይችልም። ስፌቱ ከለቀቀ ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ከመጀመሪያው ይከብዳል። ይኼን ለቤተሰብ አስቀድማችሁ አስረዱ።

ቤት ውስጥ ከሚታዘዙት አንዱ ፔንዱለም ነው። የኮድማን ስፖርትም ይባላል፤ ኧርነስት ኮድማን የተባለው የቦስተን ቀዶ ሐኪም ነው በትከሻ ሕክምና ያስተዋወቀው። እሱ ሱፕራስፓይናተስን ስለመጠገን በ1911 እ.ኤ.አ. የጻፈ ሰው ነው። ደህናው እጃችሁን ጠረጴዛ ላይ ትደገፋላችሁ፣ ጉልበታችሁን ትንሽ ታጥፋላችሁ፣ ከወገባችሁ ታጎነብሳላችሁ፣ የተሠራው ክንድ ወደ መሬት ይንጠለጠላል። ከዚያ ሰውነታችሁን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ታወዛውዛላችሁ፤ ክንዱ ተከትሎ ይወዛወዛል። ስህተቱ የሚሠራው እዚህ ነው፦ ሰውነቱ ቆሞ ክንዱ ብቻውን ትልቅ ክብ ካዞረ ጡንቻው እየሠራ ነው፣ ፓሲቭነቱ ቀርቷል። ክቡ ትንሽ ይሁን፣ ውዝዋዜውም ከወገብና ከእግር ይምጣ። ጣት፣ አንጓና ክርን ግን ሐኪም ካልከለከለ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በራሳችሁ ይንቀሳቀሱ፤ ካልሆነ እጁ ያብጣል፣ ክርኑም ይደርቃል።

ጊዜውን በደፈናው ለማስቀመጥ፣ ማንጠልጠያው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል፣ ፓሲቩም እዚያው ውስጥ ነው። ቀጥሎ የተሠራው ክንድ ራሱም መሥራት ይጀምራል፣ መጀመሪያ ደህናው እጅ እያገዘው፣ ከዚያ ብቻውን ይነሳል። ክብደትና ላስቲክ ብዙ ጊዜ ከ12 ሳምንት በኋላ ነው። ከባድ ሥራና ከጭንቅላት በላይ የሚደረግ ነገር ከ4 እስከ 6 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠብቃል። ስኳር ያለበትና ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ላይ ጅማቱ ለመዳን ይቸገራል፤ ማጨስ ለማቆም ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

ስፖርቱን ስትሠሩ መሳብ መሳብ ማለቱ፣ መጠነኛ ሕመም መኖሩ ያለ ነው። ድንገት «ጧ» ብሎ ክንዱ አቅም ካጣ፣ ቁስሉ መግል ካወጣ ወይም ከቀላ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ እጁ የመደንዘዙ ነገር ከባሰ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሐኪማችሁ ጋ ሂዱ።

ሕንድም ይሁን ባንኮክ ሄዳችሁ ተሠርታችሁ ፊዚዮቴራፒውን አገር ቤት የምትጨርሱ ደግሞ፣ የቀዶ ጥገናውን ሪፖርት ሳትይዙ አትመለሱ። የትኛው ጅማት እንደተሰፋ፣ ቅዳዱ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደነበረ፣ ሐኪሙ ስንት ሳምንት ፓሲቭ እንዳዘዘ እዚያ ላይ ነው የሚጻፈው። እዚህ ያለው ባለሙያ ክንዳችሁን እስከ የት ማንሳት እንደሚችል የሚያውቀው ከዚያ ወረቀት ነው።