የሚደጋገም ስትሪንግ ምንድን ነው?

ፕሮግራሚንግ የሚለማመድ ሰው ብዙም ሳይቆይ የሚገጥመው ጥያቄ አለ። «አንድ ስትሪንግ (ተከታትለው የተጻፉ ፊደሎች፣ ምልክቶችና ክፍተቶች) ተሰጥቷል። ከራሱ ያነሰ ቁራጭ እየተደጋገመ የተሠራ መሆን አለመሆኑን ለዩ።» ሲያዩት ቀላል ነው። ሀዋሳ ውስጥ ኮድ ከሚማሩ ልጆች ጋር ስቀመጥ ግን ብዙዎቹ ጥያቄውን አንብበው ሳይጨርሱ ጣታቸው ኪቦርድ ላይ ነው። ሉፑ (አንድን ሥራ እየደጋገመ የሚያሠራው የኮዱ ክፍል) ተጽፎ ያልቃል። «ተደጋገመ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ግን ገና አልተወሰነም። ኮዱ የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ጋ ነው።

መናኸሪያ አካባቢ የታክሲ ረዳት «ፒያሳ ፒያሳ ፒያሳ» እያለ ሲጣራ አስቡት። ጥሪውን ያለ ክፍተት እንጻፈው፦ ፒያሳፒያሳፒያሳ። 9 ፊደል ነው። ባለ 3 ፊደሉ ቁራጭ 3 ጊዜ ተቀጣጥሎ ሙሉውን ሠራው። የተረፈም የጎደለም የለም። ጥብቁ ትርጉም ይኸው ነው። አንድ ነገር ብቻ እንጨምርበት፦ ቁራጩ ቢያንስ 2 ጊዜ መምጣት አለበት። ይህ ካልተባለ ማንኛውም ስትሪንግ ራሱን 1 ጊዜ ደገመ ሊባል ነው፤ ያኔ ጥያቄውም ዋጋ የለውም።

አሁን ረዳቱ ሦስተኛውን ሳይጨርስ አቋረጠ እንበል፦ ፒያሳፒያሳፒያ። እዚህም በየ3 ፊደሉ ያው ፊደል ይመለሳል። ስለዚህ ስትሪንጉ ዙር አለው፣ ዙሩም 3 ነው። ሙሉ ድግግሞሽ ግን አይደለም፤ 8 ለ3 እኩል አይካፈልም። ዙር ያለውና ሙሉ በሙሉ የተደጋገመው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ተማሪ በብዛት የሚያምታታውም እነዚህን ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ እዚያው መሃል ላይ ያለ ነው። «ዛሬፒያሳፒያሳነኝ» ሙሉው አልተደጋገመም፤ ውስጡ ግን አንድ ቁራጭ ሁለቴ ተከታትሎ መጥቷል። ይህኛው የራሱ ቆንጆ ሒሳብ አለው። ሁለት ፊደል ብቻ ይዛችሁ፣ ምንም ነገር ሁለቴ ሳይከታተል ረጅም ስትሪንግ ለመሥራት ሞክሩ። ሀ፣ ቀጥሎ ለ፣ ቀጥሎ ሀ። አራተኛው ላይ ያበቃል። ሀ ብትጨምሩ «ሀሀ» መጣ፤ ለ ብትጨምሩ «ሀለ» ሁለቴ ሆነ። መውጫ የለም። ሦስት ፊደል ከተፈቀደ ግን ማለቂያ የሌለው ስትሪንግ መሥራት ይቻላል። ይህን ኖርዌያዊው የሒሳብ ሊቅ አክሰል ቱኤ እ.ኤ.አ. በ1906 አሳይቷል።

ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ሙሉ ድግግሞሽን እንዴት እናገኛለን? ቀጥተኛው መንገድ የርዝመቱን አካፋዮች መሞከር ነው። 12 ፊደል ከሆነ ቁራጩ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ወይም 6 ፊደል ብቻ ሊሆን ይችላል። 5 መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። እያንዳንዱን ቁራጭ ወስዶ እስከ ርዝመቱ መደጋገም፣ ከዚያ ከዋናው ጋር ማወዳደር። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም፤ ትርጉሙን ራሱን ነው ወደ ኮድ የሚገለብጠው።

እኔ የምወደው ግን የእጥፉን ዘዴ ነው። ስትሪንጉን ከራሱ ጋር ቀጥሉት። ከተቀጠለው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ፊደል ቁረጡ። በቀረው ውስጥ ዋናው ስትሪንግ ከተገኘ፣ ተደጋግሟል ማለት ነው። በ«ፒያሳፒያሳ» እንየው። ሲታጠፍ ፒያሳፒያሳፒያሳፒያሳ ይሆናል። ጫፍና ጫፉ ሲቆረጥ ያሳፒያሳፒያሳፒያ ይቀራል። ከሦስተኛው ፊደል ጀምራችሁ አንብቡ፦ ፒያሳፒያሳ። ተገኘ!

ለምን ይሠራል? የታጠፈው ስትሪንግ ውስጥ ዋናው ከመጀመሪያውም ከመሃሉም ላይ መገኘቱ አይቀርም፤ ሁለት ጊዜ ነው የጻፍነው። ጫፎቹን ስንቆርጥ እነዚህ ሁለቱ ይበላሻሉ። ከዚያ በኋላም ከተገኘ፣ ስትሪንጉ እንደ ክብ ሲዞር ሙሉ ዙር ሳይጨርስ ራሱን ሆኗል ማለት ነው። ርዝመቱ 6 ሆኖ በ4 ሲዞር (የፊተኞቹ 4 ፊደሎች ወደ መጨረሻ ሲሄዱ) ራሱን ከሆነ፣ ደግሞ በ4 አዙሩት፤ በጠቅላላው 8፣ ማለትም አንድ ሙሉ ዙርና 2። ስለዚህ በ2 ሲዞርም ያው ነው። 2 ደግሞ የ4ና የ6 ትልቁ የጋራ አካፋይ ነው። ባለ 2 ፊደል ቁራጭ 3 ጊዜ ተደግሟል።

አንድ ወጥመድ አለው። ባዶ ስትሪንግ ሲታጠፍም ሲቆረጥም ባዶ ነው። ፓይተን የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ደግሞ ባዶ በባዶ ውስጥ አለ ይላል። ስለዚህ ኮዱ ባዶውን «ተደጋግሟል» ብሎ ያልፈዋል። ባዶውን ለብቻው ቀድማችሁ መልሱት።

በጣም ረጅም ስትሪንግ ላይ የሚያዋጣው ዶናልድ ክኑዝ፣ ጄምስ ሞሪስና ቮን ፕራት እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተሙት የፍለጋ ስልት ነው። ከውስጡ አንድ ቁጥር ይበቃናል፦ ከስትሪንጉ ያነሰ፣ ከፊትም ከኋላም አንድ ዓይነት የሆነው ረጅሙ ቁራጭ ርዝመት። በ«ፒያሳፒያሳፒያሳ» ይህ ቁጥር 6 ነው። 9 ሲቀነስ 6፣ 3። 9 ለ3 እኩል ይካፈላል፣ ተደጋግሟል። በተቋረጠው ጥሪ ደግሞ ቁጥሩ 5 ነው። 8 ሲቀነስ 5 ያው 3 ይሰጣል፤ 8 ግን ለ3 እኩል አይካፈልም። ያ ሁሉ ሥራ አንዴ ከፊት ወደ ኋላ በማለፍ ያልቃል።

በአማርኛ ጽሑፍ ስትሞክሩት የሚገጥማችሁን ደግሞ አብዛኛው የልምምድ ጥያቄ አያነሳውም። «ቶሎቶሎ» 4 ፊደል ነው፣ ተደጋግሟል። «ቶሎ ቶሎ» ብላችሁ በክፍተት ስትጽፉት 5 ሆነ፤ 5 ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም፣ ፊደሎቹም አንድ ዓይነት አይደሉም፣ ስለዚህ አልተደጋገመም። መጨረሻው ላይ አንድ ክፍተት ጨምሩ፣ ተመልሶ ተደጋገመ።

የከተማችንን ስም ውሰዱ። «ሀዋሳሐዋሳ» ለጆሮ ሁለቴ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሀ እና ሐ ምንም አይገናኙም። ድምፁ ነው የሚፈለገው ከተባለ መጀመሪያ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይሩ፤ እስከ ሳብዕ ድረስ ያሉትን ሁሉ። የተጻፈው ነው ከተባለ ምንም አትንኩ። ምርጫው የአልጎሪዝሙ (የአሠራር ቅደም ተከተሉ) አይደለም፣ የትርጉሙ ነው።

ርዝመትን በፊደል ሳይሆን በባይት (ኮምፒውተር መረጃ በሚያስቀምጥበት ትንሽ መለኪያ) የሚቆጥሩ የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎችም አሉ፣ ለምሳሌ ጎ። ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ደንብ፣ በዩቲኤፍ-8፣ አንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ «ቶሎቶሎ» 12 ይሆናል። አዎ ወይም አይደለም የሚለው መልስ አይሳሳትም፤ የፊደል መጀመሪያ ባይት ከመሃለኞቹ ጋር በፍጹም አይመሳሰልምና። የቁራጩን ርዝመት ስትጠይቁት ግን 2 በማለት ፈንታ 6 ይላችኋል። እንዲሁም ብዙዎቻችን አራት ነጥብ የምንለውን ሁለት ነጥብ ሁለቴ መትተን እንጽፈዋለን፦ «፡፡»። ይህ በትክክል የተደጋገመ ስትሪንግ ነው። ትክክለኛው «።» ግን አንድ ፊደል ብቻ ስለሆነ አልተደጋገመም።